ጥቆማ፦ ለማርቆስ ቤት የስሌት ድንጋይ ወይስ ቆርቆሮ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት እየሠራሁ ነው፤ ግድግዳው ቆሟል። እንግሊዝ አገር ያለው ወንድሜ «ስሌት አልብሰው፣ ለልጅ ልጅ ይሆናል» ይለኛል። በስሱ የሚሰነጠቀውን ድንጋይ ማለቱ ነው። የዌልስ አለ፣ የስፔን አለ። የትኛው ይሻላል?

ቢቸና፦ ስሌቱማ ቀላል ነው። ወንድምህ እልካለሁ ያለውን ጻፍ፣ ከዚያ የማይልከውን ቀንስ።

የቡሬው፦ ድንጋዩን ተወው ልጄ። እኔ ሻጩ 32 ጌጅ ነው ብሎ 35 አሸከመኝ። ሐምሌ ላይ በረዶው ሲወርድ ቆርቆሮው ጎደጎደ። አናጺው ደግሞ ምስማሩን ጉብታው ላይ መምታት ሲገባው ውሃ መውረጃው ላይ መትቶታል። ባልዲ፣ ድስት፣ ጀበና ሳይቀር ደርድረን አደርን። ሚስቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ሞጣ፦ ጋሼ፣ ሳይለኩ ገዙ? የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ነው ቆርቆሮው የሚወፍረው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

የቡሬው፦ አሁንማ አወቅሁ!

ማርቆስ 7፦ ገበያው ዳር ካለው ሱቅ ውጭ አትግዙ። አባቴም የገዛው ከዚያ ነው።

ቢቸና፦ የአባትህ ቤት አያፈስም?

ማርቆስ 7፦ ያፈሳል። ሰውዬው ግን ጨዋ ነው፤ ዱቤ ይሰጣል።

ፍኖተ ሰላም፦ ድንጋይ ከሆነ የአምቦ ድንጋይ አለ አይደል? የአጎቴ ግቢ ላይ በጣም ያምራል።

እንጅባራ፦ ያ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ለወለልና ለግድግዳ እንጂ ለጣሪያ አይሆንም። ጠያቂው፣ መጀመሪያ ክብደቱን አስብ። ስሌት በካሬ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቆርቆሮ 4 ኪሎ ቢሆን ነው። ጣሪያህ 120 ካሬ ከሆነ 36 ኩንታል ጤፍ አናትህ ላይ ጭነህ እንደመተኛት ነው። ባህር ዛፍህ ለቆርቆሮ የታሰበ ከሆነ ይጎብጣል፤ ወራጁንም ማገሩንም መሐንዲስ ሳያይልህ እንዳትነካው። ዌልስ ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ የስሌት ጣሪያ ሞልቷል። የስፔንም ጥሩ አለው፣ ግን ከካባ ካባ ይለያያል። ስለዚህ አገሩን ትተህ ድንጋዩን ፈትን። እናቶቻችን ገበያ ላይ ድስት እንደሚያንኳኩት አንኳኳው። ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፤ ድፍን ድምፅ ካወጣ ስንጥቅ አለበት። አንዳንዱ ውስጡ ብረት ስላለበት ዝናብ ሲነካው ዝገት ያለቅሳል። ምስማሩ የመዳብ ይሁን፤ ተራው ምስማር ከድንጋዩ በፊት ያልቃል። ጣሪያውም ለጥ አይበል፣ ቁልቁል ይውረድ።

ቢቸና፦ ድንጋዩን ከጅቡቲ ማርቆስ የሚያመጣውስ?

እንጅባራ፦ እሱን ወንድሙን ጠይቁት። አንድ ነገር ግን እመሰክራለሁ፤ ክረምት ላይ ከስሌት ስር ሰው ይደማመጣል።

የቡሬው፦ ከእኔ ቤትም ይሰማል፤ ጠብ ጠብ ሲል።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለመሆኑ ማርቆስ ላይ ጥሩ አሸንዳ የሚሠራ ሰው ታውቃላችሁ?

ማርቆስ 7፦ ገበያው ዳር ያለውን ሱቅ ጠይቅ።

የቡሬው፦ የእኔን አናጺ ከላኩልህ መልሰው።