የደመወዝ ጭማሪ፣ የግብር እርከን እና በወረቀት ላይ ብቻ የሚተርፍ በጀት

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ፤ ሁለቱም ከአንድ ደመወዝ የሚነሡ ስለሆኑ አብሬ አቀርባቸዋለሁ። እዚህ የምንጽፈው ከተለያየ አገር ስለሆነ የገንዘቡን ዓይነት ትቼ ቁጥሩን ብቻ እጠቅሳለሁ። ጠቅላላ የወር ደመወዜ 9,800 ሲሆን ከመጪው ወር ጀምሮ 10,400 እንደሚሆን ተነግሮኛል። የምከፍልበት የገቢ ግብር ሰንጠረዥ የመጀመሪያውን 2,000 ነፃ ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ እስከ 5,000 ድረስ 10 በመቶ፣ እስከ 10,000 ድረስ 20 በመቶ፣ ከ10,000 በላይ ደግሞ 30 በመቶ ያስከፍላል። ከግብር በቀር ሌላ ተቀናሽ የለብኝም። ባልደረቦቼ «30 በመቶ ውስጥ ከገባህ ጭማሪውን ግብር ይበላዋል፤ እጅህ የሚገባው ካሁኑ ያንሳል» ስላሉኝ፣ ጭማሪው ከ10,000 እንዳያልፍ ልጠይቅ ወይስ ዝም ብዬ ልቀበል የሚለውን መወሰን አቅቶኛል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ በጀት ነው። የቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ መጓጓዣውንና በየወሩ የምከፍለውን ሌላውን ሁሉ ስደምረው 7,600 ይሆናል። አሁን እጄ የሚገባው 8,540 ስለሆነ በየወሩ 940 ሊተርፈኝ ይገባል። በወረቀት ላይ ይተርፋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን በቁጠባ ሒሳቤ ውስጥ የሚገኝ ነገር የለም። የማባከን ልማድ የለብኝም። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የሚገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ 1 (የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ)፦

ጭማሪውን ያለ ሥጋት ይቀበሉ። ባልደረቦችዎ የነገሩዎት ነገር በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲነገር የሚሰማ ስሕተት ነው። ሰዎች የትርፍ ሰዓት ሥራን፣ አልፎ ተርፎም የሥራ ዕድገትን በዚህ ፍርሃት ምክንያት ሲሸሹ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ አስረዳለሁ።

የእርከን ግብር ገቢን እየከፋፈለ የሚያስከፍል ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ምጣኔ የሚያርፈው በራሱ እርከን ውስጥ በሚወድቀው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ በጠቅላላው ደመወዝ ላይ አይደለም። በ10,400 እንሥራው። የመጀመሪያው 2,000 ግብር የለበትም። ቀጣዩ 3,000 በ10 በመቶ 300 ይከፈልበታል፤ ከ5,000 እስከ 10,000 ያለው 5,000 በ20 በመቶ 1,000 ይከፈልበታል፤ በ30 በመቶው እርከን ውስጥ የሚገባው የመጨረሻው 400 ብቻ ስለሆነ የሚከፈልበት 120 ነው። ድምሩ 1,420 ሲሆን እጅዎ የሚገባው 8,980 ይሆናል። ዛሬ በ9,800 የሚከፍሉት ግብር 1,260፣ የሚደርስዎት ደግሞ 8,540 ነው። ስለዚህ ከ600ው ጭማሪ ግብር የሚወስደው 160 ብቻ ነው፤ 440ው የእርስዎ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ መገመት እችላለሁ። በደመወዝ ክፍል ውስጥ ሥራውን ለማፋጠን የምንጠቀምበት አቋራጭ ቀመር አለ፤ ጠቅላላውን ደመወዝ በመጨረሻው እርከን ምጣኔ አባዝቶ አንድ የተወሰነ ቁጥር መቀነስ ነው። በእርስዎ ሰንጠረዥ 10,400 በ30 በመቶ ሲባዛ 3,120 ይሆናል፤ ከዚያ 1,700 ሲቀነስ ያው 1,420 ይመጣል። ማባዣውን ብቻ አይቶ ተቀናሹን ያላየ ሰው ግብሩ 3,120 ነው ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ሒሳቡ ግን በዚያ አያበቃም።

ሁለት ምጣኔዎችን ለይተው ይያዙ። የመጨረሻው እርከንዎ 30 በመቶ ነው፤ ይህ የሚጠቅመው «ተጨማሪ ሥራ ብሠራ ከሚጨመርልኝ ምን ያህሉ ይቀርልኛል?» ለሚለው ጥያቄ ነው። አማካይ ምጣኔዎ ግን 1,420 ለ10,400 ሲካፈል የሚገኘው ሲሆን 14 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ከደመወዝዎ በእውነት የሚሄደውን የሚነግርዎ ይህ ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ አለ። በአንዳንድ አገሮች ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ ድጎማ ወይም የኪራይ ድጋፍ ገቢው የተወሰነ ወሰን ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው ጭማሪው ጎድቶት ሊያገኘው ይችላል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ጉዳቱ የሚመጣው ከድጋፉ ደንብ እንጂ ከግብር እርከኑ አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነስና ከግብሩ ራሱ ላይ የሚቀነስ አንድ አይደሉም። ሕጉ ለጡረታ ቁጠባ ወይም ለሌላ ጉዳይ 1,000 ከገቢዎ እንዲቀነስ ቢፈቅድና ያ 1,000 በሙሉ በ30 በመቶው እርከን ውስጥ የነበረ ቢሆን፣ ግብሩ የሚቀንሰው በ300 ነው። ከግብሩ ላይ 1,000 የሚቀነስ ከሆነ ግን የሚያተርፉት ሙሉው 1,000 ነው። የአገርዎ ሕግ የትኛውን እንደሚፈቅድ ማወቅ ለጥቂት ሰዓት ንባብ የሚገባው ጉዳይ ነው።

መልስ 2 (የቤት በጀት ያዥ)፦

ስለ ግብሩ በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ 940ው ልናገር። ወንድሜ፣ ያ ገንዘብ ከመጀመሪያውም ትርፍ አልነበረም። በጀትዎ የተሠራው በወር ነው፤ ወጪዎ ግን በዓመት የሚመላለስ ነው። የዘረዘሯቸው ሁሉ በየወሩ የሚከፈሉ ናቸው። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡት፣ ማለትም የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የመድን ክፍያ፣ ልብስና ጫማ፣ የዕቃ ጥገና፣ ዘመድ ለመጠየቅ የሚደረግ ጉዞ፣ በዝርዝርዎ ውስጥ አልታዩኝም። እነዚህን «ድንገተኛ ወጪ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ምዝገባ የሚከፈልበት ወር ግን ዓምናም ካቻምናም ያው ስለነበር ድንገተኛ የሚያሰኘው ነገር የለም።

ያለፉትን 12 ወራት የባንክ መግለጫ አውጡና በየወሩ የማይደጋገመውን ክፍያ ሁሉ አንድ ላይ ጻፉ። ለምሳሌ ያህል ምዝገባው 3,600፣ መድኑ 2,400፣ ልብስና ጥገናው 1,800፣ ጉዞው 1,200 ቢሆን ድምሩ 9,000 ነው፤ ለ12 ሲካፈል በወር 750 ይመጣል። ይህ 750 ከኪራዩ እኩል ክብር ያለው የወር ወጪ ነው። ደመወዝ በገባበት ዕለት ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ ማዛወርና የክፍያው ቀን እስኪደርስ አለመንካት ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ከ940ው የሚቀረው እውነተኛ ትርፍ 190 ብቻ ነው። ቁጥሩ ማነሱ ያሳዝናል፤ ሆኖም ሊታመኑበት የሚችሉት ቁጥር ነው። ከጭማሪው የሚደርስዎት 440 ሲታከልበት 630 ይሆናል።

ይህንን ተቀማጭ ከመጠባበቂያ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቅሉት። መጠባበቂያ የሚያዘው ቀኑ ለማይታወቅ ነገር ነው፤ ለሥራ ማጣት፣ ለሕመም። በተለምዶ የሚመከረው ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የግድ ወጪን የሚሸፍን መጠን ነው፤ ገቢው የሚዋዥቅ ሰው ወደ ስድስቱ ቢጠጋ ይሻላል።

«50 በመቶ ለግድ ወጪ፣ 30 በመቶ ለፍላጎት፣ 20 በመቶ ለቁጠባ» የሚለውን ክፍፍል ሰዎች እንደ ሕግ ሲጠቅሱት እሰማለሁ። እኔ እንደ መነሻ እንጂ እንደ ሕግ አላየውም። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ኪራይና ምግብ ብቻውን ከገቢው 70 በመቶውን ሊወስድበት ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ክፍፍሉን አልጠበቅህም ብሎ መውቀስ አግባብ አይመስለኝም።

መልስ 3 (በግል ሥራ የሚተዳደር)፦

ይህን ውይይት የሚያነቡ ደመወዝተኛ ያልሆኑ ሰዎችም ስለሚኖሩ አንድ ነገር ላክል። ደመወዝተኛ ግብሩን ገና ገንዘቡ እጁ ሳይገባ አሠሪው ቆርጦ ስለሚያስገባለት ያላየውን ገንዘብ ሊያጠፋው አይችልም። ይህ አሠራር ሁልጊዜ አልነበረም። ብሪታንያ የገቢ ግብርን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1799 ለጦርነት ወጪ ሲሆን፣ በየክፍያው ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የመቁረጥ ሥርዓት የዘረጋችው ግን በ1944 ነው። የግል ሥራ የምንሠራ ሰዎች ዛሬም በብዙ አገር ሙሉውን ክፍያ ተቀብለን ግብሩን በኋላ እንከፍላለን፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ክፍያ በገባ ቁጥር የግብሩን ድርሻ ወዲያው ወደ ተለየ ሒሳብ ማስገባት የግድ ነው። መጠኑ ካለፈው ዓመት ግብር ሊገመት ይችላል፤ ሲጠራጠሩ ከፍ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ከደንበኛ የተሰበሰበ የሽያጭ ታክስ ካለ ደግሞ ለመንግሥት ገቢ የሚደረግ የአደራ ገንዘብ ስለሆነ እንደ ገቢ ሊቆጠር አይገባም። የቤቱን በጀትም በጥሩ ወር ሳይሆን ገቢው ዝቅ ባለበት ወር ልክ መሥራት ይበጃል። ደረሰኝ ያልተያዘለት የሥራ ወጪ ሲመረመር ተቀባይነት ላያገኝ ስለሚችል፣ ከገቢ ላይ ሳይቀነስ ቀርቶ ባላተረፉት ገንዘብ ላይ ግብር ያስከፍላል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባንክ መግለጫዬን አውጥቼ ደመርኩት፤ በየወሩ የማይደጋገመው ወጪ ከተባለው 9,000 ብዙም አይርቅም። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። 5,000 የሚሆን ዕዳ አለብኝ፤ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ሲሆን በየወሩ የምከፍለው 200 በ7,600ው ውስጥ ተካቷል። የቁጠባ ሒሳቤ ወለድ 7 በመቶ ነው። 630ውን ላስቀምጠው ወይስ ዕዳውን ልክፈልበት?

መልስ 1 (የደመወዝ ሒሳብ ሠራተኛ)፦

ዕዳውን ይክፈሉበት። ገንዘብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግምት ለማወቅ 72ን ለወለዱ ምጣኔ ማካፈል ይበቃል፤ ያልተከፈለ የ24 በመቶ ዕዳ በሦስት ዓመት ገደማ እጥፍ ሲሆን የ7 በመቶ ቁጠባ እጥፍ ለመሆን አሥር ዓመት ያህል ይፈልጋል። በዚያ ላይ በብዙ አገር የቁጠባ ወለድም ግብር አለበት፤ የዋጋ ንረቱም ከ7 በመቶ በላይ ከሆነ የተቀመጠው ገንዘብ የመግዛት አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል።

በእርስዎ ቁጥር እንመልከተው። የወር ወለዱን 2 በመቶ ብንይዝ በ200 ብቻ ከቀጠሉ ዕዳው የሚያልቀው በ35 ወር ሲሆን 2,000 ያህል ወለድ ያስከፍልዎታል። 630ውን ጨምረው በወር 830 ቢከፍሉ ግን በሰባተኛው ወር ያልቃል፤ ጠቅላላ ወለዱም ከ400 በታች ይሆናል።

ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት 630 ለመጠባበቂያ እንዲያውሉት እመክራለሁ። ምንም መጠባበቂያ የሌለው ሰው ትንሽ ሕመም ሲገጥመው ዳግመኛ በዚያው ከባድ ወለድ ይበደራልና። ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ የብድር ውሉን ያንብቡ፤ አንዳንድ አበዳሪዎች ከጊዜው በፊት ለሚከፈል ዕዳ ቅጣት ያስከፍላሉ። ተጨማሪው ክፍያ ከዋናው ዕዳ ላይ እንዲቀነስልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ የመጪው ወር ክፍያ ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል።