ስለ ታዲየስ ስቲቨንስ፦ ልጄ የ1821ዱን ክስ ትተወው ወይስ ታስገባው?

የ8ኛ ክፍል እናት፦ ሰላም ቤተሰብ። ልጄ እዚህ አሜሪካ፣ ፔንሲልቫኒያ ግዛት ትማራለች። ስለ ታዲየስ ስቲቨንስ (እኛ ታዴዎስ የምንለው ስም ነው) የ5 ደቂቃ ንግግር አዘጋጂ ተብላለች። ባርነትን የታገለ ጠበቃ ነው ብላ ደስ ብሏት ጀምራ ነበር። ትናንት ግን በ1821 ለባሪያ አሳዳሪ ጥብቅና እንደቆመ አነበበች። «እማዬ፣ ይሄን ልተወው?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ጠበቃው፦ እንዳትተወው! ነፃነቷን የጠየቀችው ቻሪቲ በትለር ናት። በፔንሲልቫኒያ ሕግ ጌታዋ 6 ወር እዚያ ካቆያት ነፃ ትወጣለች። እሷ ግን ባርነት ከተፈቀደበት ጎረቤት ግዛት ከሜሪላንድ እየተመላለሰች ነበር የኖረችው። ፍርድ ቤቱ 6 ወሩ ሳይቋረጥ መሆን አለበት አለ። ስቲቨንስ ረታ፣ እሷ በባርነት ቀረች። ልጅሽ ከዚህ ብትጀምር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አባ ታሪክ፦ ሰውየውን በአንድ ክስ አንፍረድበት እንጂ። በ1851 በክርስቲያና ከተማ ከሜሪላንድ የሸሹ ሰዎች ሊይዟቸው ከመጡት ጋር ተታኩሰው አንድ ባሪያ አሳዳሪ ሞተ። አሳዳጆቹን አልረዳም በማለቱ በአገር ክህደት የተከሰሰው የአካባቢው ነጭ ነዋሪ ካስትነር ሃንዌይ ነፃ ሲወጣ፣ ከተከራካሪዎቹ ጠበቆች አንዱ ስቲቨንስ ነበር። በኋላም ሴኔተር ሆኖ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰንን ከሥልጣን ሊያወርድ ሲል በ1 ድምፅ ቀረ።

ጠበቃው፦ አባ፣ እዚህ ላይ ተሳሳቱ። ሴኔተር ሆኖ አያውቅም፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነው። በ1868 ከሳሾቹ መካከል ነበር። ሴኔቱ 35 ለ19 ድምፅ ሰጠ፣ ለማውረድ ለሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ 1 ድምፅ ጎደለ። መምህሯ ይሄን ስህተት ካየች ነጥብ ትቀንሳለች።

አባ ታሪክ፦ እሺ፣ ታረምኩ።

መምህርት፦ የትምህርት ቤቱን ነገር ማንም አላነሳውም! በ1834 የወጣውን የነፃ ትምህርት ሕግ በዓመቱ ሊሽሩት ሲሉ፣ በፔንሲልቫኒያ ምክር ቤት ተነስቶ ተናገረና ሕጉ ተረፈ። ልጆቹ ራሳቸው የዚያ ሕግ ተጠቃሚ ናቸው፣ ደስ ይላቸዋል። 14ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ (ለጥቁሮች ዜግነትና እኩል የሕግ ጥበቃ የሰጠውን) ካረቀቁት አንዱ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ትለፈው። መጨረሻ ላይ መቃብሩን ታንሳ። ሌሎቹ መካነ መቃብሮች ጥቁሮችን ስለማይቀበሉ ሁሉንም የሚቀብረውን መርጦ ላንካስተር ተቀበረ።

የ8ኛ ክፍል እናት፦ አመሰግናለሁ ጎበዞች! በቻሪቲ ልትጀምር ወስናለች። ላንካስተር ቅርባችን ስለሆነ ቅዳሜ መቃብሩን እናያለን። ንግግሩ ግን አሁን 9 ደቂቃ ሆኗል፣ ከየት እንቁረጥ?

መምህርት፦ ከጆንሰን።