ስኮላርሺፕ ቃል የገባው አሰልጣኝ ዩኒቨርሲቲውን ለቋል፤ የልጁ ነገር ምን ይሆናል?

ኮች ዘጅማ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ከተማ ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ማሊያውንም ኳሱንም ከወላጆችና ከሰፈር ነጋዴዎች እየለመንን ነው የምንሠራው። አሜሪካ ያላችሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ኳስ የምታውቁ ሰዎች እንድታግዙኝ ነው የምጽፈው።

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለኝ፣ የቀኝ መስመር አጥቂ። ኳስ እግሩ ሥር ከመድረሷ በፊት አንገቱን አዙሮ ከኋላው ማን እንዳለ ያያል። ይህን ማንም አላስተማረውም። በትምህርቱም ጎበዝ ነው። በቅርቡ ራሱን ኤጀንት ብሎ የሚጠራ ሰው እናቱ ዘንድ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ አለበት፣ «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ይላል፣ ዋና አሰልጣኙ ፈርሞበታል። ሰውየው ለፕሮሰስ 250 ሺህ ብር ይፈልጋል። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ቪዛው ሲመታ።

ደብዳቤውን ተቀብዬ የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። የፈረመው አሰልጣኝ የለም። ለቆ ሌላ ሰው መቀጠሩን የሚገልጽ ዜና ነው ያገኘሁት። ለኤጀንቱ ደውዬ ስነግረው «ደብዳቤው የዩኒቨርሲቲው ነው፣ አሰልጣኝ ቢቀየር ምን አገባህ» አለኝ።

እኛ አሰልጣኝ ሲሄድ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት በገብረመድህን ኃይሌ መሪነት ዋንጫውን አነሳ። በ2011 ደግሞ እሱ መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ያንኑ ዋንጫ ወሰደ። ግን ክለብ ሲሆን ተጫዋቹ ውሉ ከክለቡ ጋር ነው። እዚያስ? አሰልጣኝ እንዴት ነው የሚቀጠረው? የሄደው የሰጠው ቃል አዲሱን ያስገድደዋል?

እናቱ ማና ወረዳ ካላት ማሳ የሚለቀመውን ቡና ገና ዛፉ ላይ እያለ ለነጋዴ ልትሸጥ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ቡና በምን ዋጋ እንደሚሄድ የጅማ ሰው አይጠፋውም። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

አጂፕ ሰፈር

ኮች፣ ብሩን እንዳትሰጥ። የእህቴ ልጅ ለአንዱ ከፍሎ ስልኩን እንኳ የሚያነሳለት አጥቷል። ደብዳቤውን ፎቶ አንስተህ አስቀምጠው፣ የሰውየውን ስልክና የባንክ ቁጥርም ያዝ፤ ኋላ ለፖሊስ ያስፈልጋል።

የኮቺ ልጅ

ሰላም ኮች። እዚያው ጅማ፣ ኮቺ ነው ያደግኩት፤ አሁን አሜሪካ ውስጥ በአንድ የዲቪዥን ሁለት ዩኒቨርሲቲ የወንዶች እግር ኳስ ምክትል አሰልጣኝ ነኝ (የዩኒቨርሲቲ ስፖርት እዚህ በሦስት ዲቪዥን ይከፈላል፣ ከፍተኛው ዲቪዥን አንድ ነው)። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ምልመላ ስለሆነ ጉዳዩን በደንብ አውቀዋለሁ።

ከቅጥሩ ልጀምር። እዚህ ዋና አሰልጣኝ የሚቀጥረው የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ነው። ቦታው ሲለቀቅ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትንሽ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ የተመረጡት ሁለት ሦስት ሰዎች ግቢ ድረስ ተጠርተው ከኃላፊዎችም ከተጫዋቾችም ጋር ይነጋገራሉ። ዳይሬክተሩ ከምንም በላይ ማወቅ የሚፈልገው ሰውየው ተጫዋች ከየት እንደሚያመጣ ነው። ዌስት ቨርጂንያ ያለውን ማርሻል ዩኒቨርሲቲን ይመልከቱ። ክሪስ ግራሲ የሚባለውን እንግሊዛዊ የወሰዱት እዚያው ክፍለ ግዛት ካለ ከቻርለስተን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ያውም ከዲቪዥን ሁለት። ሰውየው ከውጭ አገር ልጅ መመልመል ይችልበታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን 1 ለ 0 አሸንፈው የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ሲያነሱ ቡድኑ ከየአገሩ በመጡ ልጆች የተሞላ ነበር።

ስለዚህ አዲስ አሰልጣኝ የራሱን ምክትሎችና የራሱን የልጆች ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ ዋናው አሰልጣኝ ሲለቅ፣ አዲሱ ቢሮ በገባ ማግስት ነጩን ሰሌዳ በጨርቅ ጠረገው። በረኛ፣ ተከላካይ፣ አማካይ እያልን በየቦታቸው የጻፍናቸው ስሞች ነበሩ። ብዙዎቹን ልጆች ወላጆቻቸው ድረስ አውቃቸው ነበር፣ ደውዬ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። የተረፉት የገንዘብ ድጋፍ ውል የፈረሙት ብቻ ናቸው።

የኤጀንቱ ማታለያም እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኝ በስልክም በደብዳቤም «እፈልግሃለሁ» ቢል ዩኒቨርሲቲውን አያስገድደውም። የሚያስገድደው የገንዘቡ መጠንና የሚሸፍነው ጊዜ ተጽፎበት፣ ከዩኒቨርሲቲው የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ የሚወጣ፣ ልጁም የሚፈርምበት ውል ነው። እስከ 2024 ናሽናል ሌተር ኦፍ ኢንቴንት የሚባል ወረቀት ነበር፤ እሱም ልጁ የሚፈርመው ከተቋሙ ጋር እንጂ ከአሰልጣኙ ጋር እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጥ ነበር። አሁን እሱ ቀርቶ የገንዘብ ድጋፍ ውሉ ተክቶታል። እናቱ እጅ ያለው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ውል አይደለም።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውንም ተጠራጠሩት። በወንዶች እግር ኳስ ዲቪዥን አንድ ለአንድ ቡድን ለብዙ ዓመታት የተፈቀደው 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር፣ ዲቪዥን ሁለት ደግሞ 9። ይህ ከ25 በላይ ለሚሆኑ ልጆች እየተቆራረሰ ይከፋፈላል። በ2025 በፍርድ ቤት የጸደቀውን የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ክስ ስምምነት የተቀበሉ የዲቪዥን አንድ ዩኒቨርሲቲዎች አሁን የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቶላቸው የተጫዋቹ ብዛት በ28 ተወስኗል፤ ገንዘቡ ግን በብዛት ወደ አሜሪካን ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ነው የሚሄደው። ዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ብሎ አንድም ዶላር አይሰጥም። ዩኒቨርሲቲው ዲቪዥን ሦስት ከሆነ ደብዳቤው ውሸት ነው፣ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም።

ክፍያውን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ሕግ አለ። የዩኒቨርሲቲ ስፖርትን በሚያስተዳድረው በኤንሲኤኤ ደንብ ልጅን ለዩኒቨርሲቲ የሚያስተዋውቅ ድርጅት ሊከፈለው ይችላል፤ ክፍያው ግን ልጁ ስኮላርሺፕ በማግኘቱ ላይ የተመሠረተ መሆን የለበትም። «ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ፣ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ስምምነት የልጁን የመጫወት መብት ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። የሲቪስ ክፍያ፣ ማለትም የውጭ ተማሪዎች የመመዝገቢያ ክፍያ፣ 350 ዶላር ነው፣ እሱም በቀጥታ ለአሜሪካ መንግሥት ነው የሚከፈለው። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ሰነድ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው። ደላላ አይሸጠውም።

ዛሬውኑ በድረ ገጹ ላይ ባለው አድራሻ ለአዲሱ አሰልጣኝ ኢሜይል ይጻፉ፣ ደብዳቤውንም አያይዙ። ለእናቱም ይንገሯቸው፣ ቡናው ዛፉ ላይ ይቆይ።

ዳላስ ነኝ

የኮቺ ልጅ ያለው ትክክል ነው። አሜሪካን ፉትቦል ላይ ሲሆን ነገሩ በጣም ይገዝፋል፣ እዚያ ሲያዩት የአሰልጣኝ ለውጥ ለልጆች ምን ማለት እንደሆነ ይበልጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ኒክ ሴበን ጡረታ ወጣ። በሁለት ቀን ውስጥ ኬለን ዲቦርን ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወሰዱ። ዋሽንግተን ጄድ ፊሽን ከአሪዞና ወሰደ፣ አሪዞና ብሬንት ብሬናንን ከሳን ሆዜ ስቴት። አንድ ሰው ጡረታ ወጥቶ አራት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ቀየረ፣ በአንድ ወር። ተጫዋቾችም ተበተኑ፤ ኬሌብ ዳውንስ ከአላባማ ወደ ኦሃዮ ስቴት የሄደው ያኔ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን አሰልጣኙን ውሉ ይጠብቀዋል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2021 የአሰልጣኙን የጂምቦ ፊሸርን ውል እስከ 2031 አራዘመ። በኖቬምበር 2023 ሲያሰናብተው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተገደደ። እሱ የመለመላቸው ልጆች ያን ዋስትና ከየት ያመጣሉ? ጅማ ላለው ልጅ ደግሞ ጭራሽ በደላላ እጅ የመጣ ደብዳቤ!

ኮች ዘጅማ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ለእናቱ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ሦስት ጊዜ ያስደገመችኝ ውሉ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ነው የሚለውን ነው። ቡናውን አልሸጥም ብላለች። ዩኒቨርሲቲው ዲቪዥን ሦስት ሆኖ ተገኘ። አዲሱ አሰልጣኝም መልሶልኛል፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከቢሯቸው ወጥቶ እንደማያውቅ ጽፎ፣ ፊርማው ያለበትን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች አሳልፎ ሰጥቷል።

አሁን በትክክለኛው መንገድ መሞከር እንፈልጋለን። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ላስፈርመው ብሏል፤ ይፈርም? ለአሰልጣኞች የሚላከው ቪዲዮስ ምን ዓይነት ነው?

የኮቺ ልጅ

ደመወዝ ያለበት ውል ለጊዜው አይፈርም። ከክለቡ ጋር ልምምድ ይሥራ፣ በታዳጊ ቡድን ይጫወት። ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለውን ጊዜም ይጠንቀቁ፤ በዲቪዥን አንድ እግር ኳስ አንድ ዓመት አልፎት በተደራጀ ውድድር መጫወቱን ከቀጠለ በዩኒቨርሲቲ ከሚጫወትባቸው ዓመታት ይቀነስበታል።

ቪዲዮውን በተመለከተ፣ ጎል ብቻ ተቆርጦ የሚመጣ አናምንም። አንድ ሙሉ ጨዋታ ይቅረጹለት፣ ስልኩን ከፍ ካለ ቦታ አድርገው፣ የማሊያ ቁጥሩ እንዲለይ። እኔ በበኩሌ ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ ይሮጣል ወይ የሚለውን ነው ቀድሜ የማየው። ያ አንገቱን አዙሮ የሚያየው ነገር ካሜራው ውስጥ እንዲገባ ልጁ የሚጫወትበት መስመር ላይ ሳይሆን በተቃራኒው በኩል ቁሙ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለውን ትራንስክሪፕት ማኅተም አስደርገው በእንግሊዝኛ ያዘጋጁ፣ የዱዎሊንጎ እንግሊዝኛ ፈተናም ይውሰድ። የውድድር ወቅታችን ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ስለሆነ ያኔ የሚላክ ኢሜይል ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። ጃንዋሪ ላይ ይላኩ፣ ለእኔም አንድ ቅጂ ይላኩልኝ።