«ቁጥር የሌለው ማህበር፣ የሌለ ማህበር ነው» የተባለውን እንነጋገርበት

የማሲንቆ መምህር፦
ቅዳሜ በዙም የተደረገውን ስብሰባ የገባችሁ ሰምታችኋል። ላልገባችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያሉትን የኛን የባህል ማህበራት «ለማጠናከር» ተብሎ አንድ አማካሪ ልጅ ተጋበዘ። ስላይድ በስላይድ አደረገን። የታዳሚ ብዛት፣ ዕድሜ፣ ዚፕ ኮድ፣ የአንድ ሰው ወጪ ስንት፣ ገቢ ስንት። መጨረሻ ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቁጥር የሌለው ማህበር፣ የሌለ ማህበር ነው።» እኔ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ልጆች ማሲንቆ ሳስተምር ስንት ዓመቴ። ክፍያ የለም፣ መዝገብ የለም። እንግዲህ እኔም የለሁም። ያጨበጨባችሁ ሁሉ እስቲ ወጣ በሉና አስረዱኝ።

የሒሳብ ሹሟ፦
ጋሼ፣ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነኝ። ልጁ አፉ ሸካራ ነው፣ እሱን አልከራከርም። ነገሩ ግን ውሸት ነው? የኛ ማህበር በዓመት 50,000 ዶላር አይሞላውም። ስለዚህ ለአይ አር ኤስ፣ ለአሜሪካ ግብር ቢሮ፣ በየዓመቱ የምንልከው 990-ኤን የሚባለውን አጭር ቅጽ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የአንድ ኃላፊ ስም፣ «ገቢያችን ከ50,000 አይበልጥም» የሚል ምልክት። አለቀ። ስለ ኪነ ጥበብ ድርጅቶች የሚያጠኑት ሰዎች ደግሞ የገንዘብ ዝርዝር የሚያገኙት ትልልቆቹ ድርጅቶች ከሚሞሉት ከትልቁ ቅጽ፣ ከ990 ነው። እዚያ ውስጥ ፈልገው ያጡናል። ልጁ ያለው ይህንኑ ነው።

ጋርላንድ፦
ያቺን ትንሿንም ቢሆን ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልላከ፣ ከግብር ነጻ መሆኑ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል። በ2011 እንዲህ ተብሎ ወደ 275,000 ድርጅት ባንዴ ከዝርዝሩ ወጥቷል። አብዛኛው ትንንሽ ነበር። ስንት የኛ ቢጤ አብሮ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

የማሲንቆ መምህር፦
የግብር ወረቀት አትላኩ ያለ ማን ነው? እኔ ያልኩት «የሌለ ማህበር ነው» ስለሚለው ነው። ዙሪያውን አትዙሩብኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ይህ ቋንቋ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የ2015ቱን ረሳችሁት? ያኔ እዚሁ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የዲቮስ ኪነ ጥበብ አስተዳደር ተቋም ስለ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ሙዚየም፣ ዳንስና ቴአትር ጥናት አወጣ። ቁጥሩ ሞልቷል። ትልልቆቹ የጥቁርና የላቲኖ ተቋማት በጀታቸው ከሌሎቹ ትልልቅ ተቋማት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፣ ከግለሰብ ለጋሽ የሚያገኙትም ትንሽ ነው። እሺ፣ እውነት ነው። ከዚያስ? ለጋሾች ገንዘቡን ለብዙ ደካሞች ከሚበትኑት ለጥቂት ጠንካሮች ቢሰጡት ይሻላል ወደሚል ሐሳብ ሄደ። በአማርኛ፣ ትንሹ ይዘጋ። ዳታ ማለት ይሄ ነው።

የሒሳብ ሹሟ፦
ታሪኩን ጨርሰው እንጂ ወንድሜ። ጩኸቱ ሲበዛ ዳላስ ያለው የኤስ ኤም ዩ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ጥናት ማዕከል በዓመቱ መልስ አወጣ። በምን? በዳታ። ትልቁን ከትንሹ፣ ሙዚየሙን ከዳንስ ቡድኑ ደባልቆ ማወዳደር ያሳስታል አሉ። አምሳያውን ከአምሳያው ጋር አስቀምጠው ሲያዩት «እነዚህ ሰዎች ሥራ አያውቁም» የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። ያን መልስ መስጠት የቻሉት ከየድርጅቱ የተሰበሰበ ቁጥር እጃቸው ላይ ስለነበረ ነው። ባይኖር ኖሮ የዲቮሱ ጥናት ብቻውን ይቀር ነበር።

ጋርላንድ፦
ማዕከሉ እኛ ሰፈር ነው እኮ። በ2018 ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ኤስ ኤም ዩ ዳታአርትስ ተባለ። ያ ሌላው በ2004 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተጀመረው የባህል ዳታ ፕሮጀክት ነው። ድርጅቶች ቁጥራቸውን የሚያስገቡበትን ቅጽ መሙላት ነጻ ነው። ከድሮውም አጥሯል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
«መሙላት ነጻ ነው»! ወገኖች፣ ሰምታችኋል? ነጻ ነው! የማን ጊዜ ነው ነጻ? ደመወዝተኛ ሒሳብ ሠራተኛ ላለው ነጻ ነው። የኛ ሰብሳቢ ቀን ኡበር ይነዳል፣ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። ቅጹን የሚሞላው መቼ ነው፣ ቀይ መብራት ላይ?

ጆርጂያ አቬኑ፦
😂 ቀይ መብራት ላይ ዋትስአፕ ለመመለስ ግን ጊዜ አለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሳቂ አንቺ። ሄሊኮን የሚባለው የኪነ ጥበብ ልገሳ አጥኚ ቡድን በ2017 ያወጣውን እዪው። ለአሜሪካ የባህል ድርጅቶች ከሚሰጠው ልገሳ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው ሁለት በመቶ ለሚሆኑት ትልልቆች ነው የሚሄደው። እነሱው በ2011 ሲያጠኑት 55 አካባቢ ነበር። ጥናቱ ወጣ፣ ሁሉም አዘነ፣ ኮንፈረንስ ተደረገ፣ የትልልቆቹ ድርሻ ጨመረ። ነጻ ቅጽ!

የሒሳብ ሹሟ፦
እና ይህን ሁሉ በምን አወቅከው? ተቆጥሮ አይደል? ቁጥር በቁጥር እየተከራከርክ ቁጥር አይረባም ትላለህ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይረባም አላልኩም። ገንዘብ ያለው ሰው ሐሳቡን አይቀይርም ነው ያልኩት። በ2025 ጸደይ ላይ ኤን ኢ ኤ፣ የአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ድጎማ ቢሮ፣ ያን ሁሉ ድጎማ በኢሜይል ሲሰርዝ የማን ሰንጠረዥ ያምራል ብሎ ነው? ሪፖርቱን በሰዓቱ የላከውም ተሰረዘበት።

ጆርጂያ አቬኑ፦
እሱስ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ልበል። ዲሲ ውስጥ የመንግሥት ቢሮ ሄዳችሁ ቅጹ በአማርኛ ሲሰጣችሁ ከሰማይ የወረደ ይመስላችኋል? የ2004 የቋንቋ ሕግ ነው። ቢሮው ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ያንን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ወረቀቶችን መተርጎም አለበት። ተቆጠርን፣ 500ውን አለፍን፣ አማርኛው መጣ። በእስክስታ አልመጣም።

የማሲንቆ መምህር፦
ልጄ፣ እሱ ሰው መቁጠር ነው። መንግሥት ሕዝቡን ይቁጠር፣ ሥራው ነው። እኔን ያሉኝ «በአንድ ተማሪ የሚወጣው ወጪ» ነው። አንድ ልጅ አለች፣ ስትመጣ በአማርኛ ስሟን መናገር ታፍር ነበር። አሁን አያቷ ስልክ ሲደውሉ ማሲንቆውን አንስታ አምባሰል ታስጀምራቸዋለች፣ አያትየው ከወሎ ሆነው ይቀበሏታል። የትኛው ሳጥን ውስጥ ልጻፋት?

ጋርላንድ፦
ይሄንን ጋሼ ቅዳሜ ዙሙ ላይ ቢናገሩት ኖሮ ልጁ ዝም ይል ነበር።

የማሲንቆ መምህር፦
ማይኩን ዘግተውብኝ ነበር።

አወያይ፦
ማይክ የዘጋ የለም፣ ሁሉም በአንዴ ስላወራ ነው። በሥርዓት።

የሒሳብ ሹሟ፦
ጋሼ፣ እሷን ሳጥን ውስጥ አስገባት ያለዎት የለም። ስንት ልጅ ይመጣል፣ እርስዎ ስንት ሰዓት በነጻ ይሰጣሉ፣ አዳራሹ በኪራይ ቢሆን ስንት ያወጣ ነበር፣ ይኸው ነው። በነጻ የተሰጠ ጉልበትም የሚጻፍበት ቦታ አለው። እኛ ግን አንጽፈውም። ከዚያ ለጋሹ ሲያየን በዓመት አንድ ጊዜ ዶሮ የሚበላ ማህበር እንመስላለን። ደግሞ መጻፍ ለኛ አዲስ ነው እንዴ? ዕድር ውስጥ ቀሪ ሲጠራ፣ ቅጣት ሲጻፍ፣ ጸሐፊው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሲዞር «በቁጥር ተዋረድኩ» ያለ ሰው አላየሁም።

የማሲንቆ መምህር፦
ዕድር መዝገቡን የሚይዘው ለራሱ ነው። ፋይሉን ለፋውንዴሽን አይልክም!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ እጅዎን ይባርከው። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። ዳታው የማን ነው? በዚህ ዘመን ወላጅ «ስምና አድራሻ ጻፍ» ሲባል ፊቱ ይለወጣል። ወረቀቱ ያልተስተካከለለት ቤተሰብ አለ። የልጁን ስም አስመዝግቡ ካልን በሚቀጥለው እሁድ አይመጡም።

የሒሳብ ሹሟ፦
ስም የጠየቀ የለም አልኩ እኮ። ድምር ብቻ ነው። የድርጅቱ ድምር። የቤተሰብ ስም እኛው ጋ ይቀራል። እንዲያውም ባንይዘው ይሻላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዛሬ ድምር፣ ነገ ዝርዝር።

ፒያሳ ቀረ፦
ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ልግባ። እናንተ ታድላችሁ፣ ቅጽ በዛብን ትላላችሁ። እዚህ በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ 621/2001 (በኛ አቆጣጠር) ጊዜ የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳያልፍ ተብሎ፣ ጥናትና ክትትል እንኳ አስተዳደር ውስጥ ይደመርብን ነበር። አጥንተህ ልሥራ ካልክ ለሥራው የሚሆን አይተርፍህም። እሱን በተካው አዋጅ 1113/2011 ጣሪያው 20 ሆነ፣ ግን አስተዳደር የሚባለው ስለጠበበ እፎይ ብለናል። ልማዱ ግን አልለቀቀም። ጥናት ስትል የቦርዱ ሰው «ለዚህ ነው ገንዘብ የምናባክነው?» ይልሃል። አሁን ደግሞ ሰፈር ሲፈርስ አያችሁ። አዝማሪ የሚጫወትበት ቤት ስንት ነበር፣ ስንት ሰው ይበላበት ነበር ብትሉ ወረቀት ያለው የለም። ያልተመዘገበ ነገር ሲፈርስ ማንም ምን ጠፋ አይልም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ፒያሳ፣ የተመዘገበውስ ተረፈለት?

ፒያሳ ቀረ፦
አልተረፈለትም። ግን ቢያንስ የሚከራከርበት ወረቀት አለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወረቀቱን ይዞ የሚቆምበት ቦታ የለውም እንጂ።

ጋርላንድ፦
ከርዕስ ወጣን። ወደ 2020 የአሜሪካ ቆጠራ ልመልሳችሁ። ቅጹ ላይ ጥቁር ከሚለው ሥር ለምሳሌ ተብለው ከተጻፉት ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» ነበረበት። ስንቱ ሰው ነው ዝም ብሎ ሳጥኑ ላይ ኤክስ አድርጎ ያለፈው? ከዚያ «ለምን አይቆጥሩንም» ይላል።

ጆርጂያ አቬኑ፦
ሌላ ሌላ የጻፈም ነበር 🙄

አወያይ፦
ማን ምን ብሎ ጻፈ የሚለውን እዚህ አንጀምረውም። የጀመረውን አስወጣለሁ።

የሒሳብ ሹሟ፦
እሺ፣ ከአሜሪካ ቆጠራ ወደ ራሳችን እንመለስ። ያለፈውን እንቁጣጣሽ ዝግጅት ውሰዱ። ትኬቱ ሦስት ሬስቶራንት ውስጥ በካሽ ይሸጣል። ከፊሉ በዜል ይገባል፣ ያውም በግለሰብ ስልክ። በር ላይ ደግሞ «እኔ የእገሌ እህት ነኝ» እየተባለ ይታለፋል። ዘፋኙ በፖስታ ይከፈለዋል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በማግስቱ ስንት ሰው መጣ ስል ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ መልስ ሰጠኝ፣ ልዩነቱ የአንድ አዳራሽ ሰው ያህላል። ስንት ተረፈ ስል ደግሞ «ኪሳራ የለም» ተባልኩ። ኪሳራ የለም ቁጥር ነው? ይሄን ይዤ ነው ለከተማው የባህል ቢሮ ማመልከቻ የምጽፈው?

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። «በግለሰብ ስልክ» ማለት ማንን ነው?

የሒሳብ ሹሟ፦
ማንንም አይደለም። አሠራሩን ነው።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
አሠራሩን ነው! የማህበሩ አካውንት ታግዶ የቀድሞው ሰብሳቢ ፊርማውን አልለቅም ሲል በስልኬ ተቀበይ ያለኝ ይኸው ቦርድ ነው። ዶላር በዶላር አስረክቤያለሁ። ደረሰኙ አለኝ።

ጋርላንድ፦
እህቴ ማንም ሌባ አላለሽም።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
ሌባ የሚለውን ቃል ያመጣኸው አንተ ነህ ጋርላንድ። እኔ አላነሳሁትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዳታ ማህበር ያጠናክራል የተባለው ይሄ ነው? ገና ሳይጀመር ተጣላን።

የሒሳብ ሹሟ፦
የተጣላነው መዝገብ ስላልነበረ ነው! ደረሰኝ አለኝ አለች እኮ። ታምጣው፣ ድራይቭ ላይ እንጫነው፣ ስሟም ይጸዳል።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
ስሜ አልቆሸሸም የሚጸዳ።

የማሲንቆ መምህር፦
ልጆች፣ እኔ ያነሳሁት ስለ ልጁ ንግግር ነበር።

አወያይ፦
ጋሼ ይቅርታ። ሁላችሁም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የዘንድሮው እንቁጣጣሽ አዳራሽ ተይዟል። በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ማን ነው? ማሽኗን እኔ እገዛለሁ፣ ያቺን በአውራ ጣት የምትጫነዋን።

ጋርላንድ፦
እኔ ዳላስ ነኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
በመርህ ደረጃ አልቆጥርም።

ጆርጂያ አቬኑ፦
እኔ እቆማለሁ፣ ግን ልጆቹን እንዴት ነው? ሲገቡ ሲወጡ ያመሻሉ። አንዱን ሰባት ጊዜ ልቁጠረው?

የሒሳብ ሹሟ፦
ሲገቡ እጃቸው ላይ ማኅተም።

የቀድሞ ገንዘብ ያዥ፦
ማኅተሙ የማህበሩ ነው ወይስ የግለሰብ?