ዱባይ ጎርፍ ይዞናል፣ የእናቴ ኢንሱሊን ሊያልቅ ነው

ሰላም ወገኖቼ። ዱባይ ያላችሁ ሐበሾች እባካችሁ እርዱን። እናቴን ለእረፍት ይዣት መጥቼ ነበር። ሚያዝያ 8 የጣለውን ዝናብ ሰምታችኋል። እዚህ አገር መረጃ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ዘንቦ አያውቅም አሉ። የአዲስ አበባ በረራችን ተሰረዘ። የአየር መንገዱ ስልክ አይነሳም። ኤርፖርቱ ደግሞ በረራው ያልተረጋገጠ ሰው እንዳይመጣ እያሳሰበ ነው።

እኔስ ወለል ላይም አድራለሁ። የጨነቀኝ የእናቴ ነገር ነው። ስኳር አለባት። የያዝነው ኢንሱሊን ከነገ ማታ አያልፍም። ያለነው ዴይራ ነው። አጠገባችን ያለው ፋርማሲ የዚህ አገር ሐኪም ካላዘዘ አልሸጥም አለን። የአገር ቤት ማዘዣዋና የመድኃኒቱ ካርቶን ግን እጃችን ላይ አሉ። በጎብኚ ቪዛ፣ ያለ ኢንሹራንስ ተቀብሎ ማዘዣ የሚጽፍልን ክሊኒክ የት አለ? ታክሲ ስለጠፋ በእግር የሚደረስበት ቢሆን ይሻላል። እሷ ብዙ መራመድ አትችልም፣ እኔ ብቻዬን ብሄድስ ይሰጡኛል?

ቪዛችንም ዓርብ ያበቃል። በረራ ተሰርዞበት ቀኑ ያለፈበት ሰው ይቀጣል? ለቆንስላችን ነው የሚነገረው ወይስ ለኢሚግሬሽን? የሆቴሉን ደረሰኝ እየሰበሰብኩ ነው፤ አየር መንገዱ ይከፍለን እንደሆነ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሌላው ይቆይ፣ የክሊኒኩን ግን ዛሬውኑ ጻፉልኝ።