የላክናቸው ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ዝግጅት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ከደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ባለፈው ስብሰባ እንደተስማማነው፣ በእኛ ድጋፍ ተልከው በውጭ አገር በወንጌል ሥራ ላይ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበትን መንገድ የሚመለከት የጋራ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። እስከ ዛሬ የሠራንበት ልማድ ባልና ሚስቱን ጸልየን፣ የቪዛና የጉዞ ወጪያቸውን ሸፍነን መሸኘት ነው፤ ልጆቹ የት፣ በምን ቋንቋ፣ በማን ወጪ እንደሚማሩ ግን ወላጆቹ ከደረሱ በኋላ እንደሚሆን እንዲያደርጉት የተተወ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። እኔ በበኩሌ የልጆቹ ትምህርት በጽሑፍ ሳይወሰን ትኬት መቆረጥ የለበትም እላለሁ። ምክንያቱም አገልጋዩ በመስክ ላይ ሳለ ከቋንቋው ችግርና ከብቸኝነቱ ይልቅ ሐሳቡን የሚከፍለው የልጁ ነገር ነው፤ ተልእኳቸውን ሳይጨርሱ የሚመለሱ ቤተሰቦችም ብዙ ጊዜ የሚመለሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ለመነሻ የሚሆነው ረቂቅ አራት ነጥቦች አሉት፦ የትምህርት ቤት ምርጫ፣ ወጪ፣ አማርኛና ወደ አገር መመለስ። እባካችሁ እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን ጨምሩበት።

አንድ አረጋዊ አባል፣ ከአንኮበር

ልጄ ጸሐፊ፣ ሥራህን ጌታ ይባርክልህ። ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር አዲስ እንዳልሆነ ወጣቶቹ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 እዚሁ አንኮበር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ እስከ 1842 ተቀምጧል። እጮኛውን ሮዚናን ለመቀበል ወደ ግብፅ ከወረደና ከተጋቡ በኋላ ግን ወደ ሸዋ የሚመለሱበት መንገድ ተዘጋባቸው፤ በሰሜን በኩል ሊገቡ ሲሞክሩ በጉዞ ላይ የተወለደችው ልጃቸው ወዲያው ሞተች፤ በ1844 ደግሞ ሞምባሳ ላይ ሮዚናና ሁለተኛዋ ሕፃን በቀናት ልዩነት ዐረፉ። ያን ጊዜ የላኪው ሸክም አንድን ሰው መላክ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጅ ከኋላ የሚከተሉ ተደርገው ይታዩ ነበር። እኛም ዛሬ ከዚያ ብዙ የራቅን አይመስለኝም።

በረቂቁ ላይ ግን አንድ ሐሳብ ልጨምር። ልጅ ከአያቱ ዘንድ ቀርቶ ቢማር ምን ይጎዳዋል? አባቶቻችን ልጅን ለዘመድ ሰጥተው ያሳድጉ ነበር፤ ልጁ አማርኛውን አይረሳም፣ ወጪውም ይቀላል፣ ወላጆቹም በሙሉ ልባቸው ያገለግላሉ። ይህ አማራጭ በሐሳቡ ውስጥ ይግባ እላለሁ።

የትምህርት ንዑስ ኮሚቴ አባል፣ መምህርት፣ ከደብረ ሲና

አባታችን ያነሡት ጉዳይ በቁም ነገር ሊመዘን የሚገባው ነው፤ እኔ ግን በአክብሮት እቃወመዋለሁ። በመጀመሪያ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት በዞናችን በብዙ ቀበሌዎች ትምህርት ተቋርጦ እንደነበርና ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ ካሉ አያቶቹ ጋር የቀረ ልጅ ከወላጆቹ ጋር በስልክ እንኳ ሳይገናኝ ወራት ሊያልፉ ይችሉ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያቴ ግን ሰላም ቢሆንም የሚቀር አይደለም። ልጅን ለይቶ ማስተማር በሚሲዮናውያን ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ የተሠራበት አካሄድ ነው። ለንደን ውስጥ የሚሲዮናውያን ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1842 ተከፍቷል። በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ወርቅ ያገኘው ኤሪክ ሊድል ቻይና ተወልዶ በ6 ዓመቱ ከወንድሙ ጋር በዚያው ትምህርት ቤት ሲቀር ወላጆቹ ወደ ቻይና ተመልሰው ሄደዋል። ሊድል ራሱ ሲያድግ ሚሲዮናዊ ሆኗልና ይህ አካሄድ ሁሉንም ሰበረ ማለት አልችልም። ነገር ግን በምዕራብ አፍሪካ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ የሚሲዮናውያን ልጆች ለዓመታት የደረሰባቸውን በደል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በይፋ ሲናገሩ፣ ላኪው ቤተ ክርስቲያን ምርመራ አድርጎ እውነት መሆኑን ለማመን ተገዷል። እነዚያ ልጆች ሲጮኹ የሚሰማቸው ወላጅ በአጠገባቸው አልነበረም። ስለዚህ የረቂቃችን መሠረታዊ ሐሳብ ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያ ደረጃን እስኪጨርስ ከወላጆቹ ጋር ይኑር የሚል ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ መለየት የግድ ከሆነም የልጁ ፈቃድ ተጠይቆ፣ በየቦታው ልጁ ያለ ፍርሃት የሚያናግረው አንድ ኃላፊ ተመድቦ ቢሆን እጠይቃለሁ።

ስለ አማርኛ ደግሞ በክፍሌ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከኬንያ የተመለሰች አንዲት ልጅ 6ኛ ክፍል ገባችልን። ስትናገር ማንም ከእኛው ልጆች አይለያትም፤ አማርኛዋ የእናቷ አማርኛ ነው። ቃለ ጽሕፈት ስሰጥ ግን ከሌሎቹ እኩል አጎንብሳ ትጽፍና ደብተሯን ስሰበስብ ገጹ ላይ የማገኘው የሰማችውን አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነው። አንድ ቃል አላመለጣትም፤ ፊደሉ ብቻ የላትም። በክልላችን የመጀመሪያ ደረጃው ትምህርት በአማርኛ ስለሚሰጥ ይህች ልጅ ሒሳቡንም ሳይንሱንም ስታውቀው ወደቀች። ከ9ኛ ክፍል ወዲያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ያኔ ብትመለስ ኖሮ ችግሩ ሌላ ይሆን ነበር። እንግዲህ የመመለሻው ዓመት ከልጁ ክፍል ጋር ተገናዝቦ እንዲወሰን እጠይቃለሁ፤ አሁን የሚወሰነው የአባትየው የሥራ ዘመን ሲያልቅ ብቻ ነው።

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፣ ከሸዋ ሮቢት

የእኔ ድርሻ ወጪው ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ከ60 ብር በታች ነበር፤ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። እኛ የምንሰበስበው ብር ነው፤ በመስክ ላይ ያለው ቤተሰብ የሚከፍለው ግን በሽልንግ ወይም በዶላር ነው። ይህን ሳናስተካክል በፊት በተስማማንበት ብር መቀጠላችን የልጆቹን ትምህርት ወላጆቹ ከምግባቸው ቀንሰው እንዲከፍሉ አድርጓል፤ ማንም ደፍሮ ባይናገረውም።

ለሚሲዮናውያን ልጆች የተቋቋሙት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1906 ኬንያ ውስጥ የተከፈተው የኪጃቤው አካዳሚ ወይም በ1946 አዲስ አበባ የተመሠረተው ቢንግሃም፣ የተሠሩት ለምዕራባውያን ሥርዓተ ትምህርት ነው፤ ክፍያቸውንም በእኛ አቅም የሚቻል አድርጌ አላየውም። ስለዚህ በሐሳቡ ውስጥ የትምህርት ወጪ ከቤተሰቡ መተዳደሪያ ተለይቶ በራሱ መዝገብ እንዲያዝ፣ መጠኑም በየስድስት ወሩ በምንዛሪው ልክ እንዲከለስ ይጻፍ። ይህን የማንችል ከሆነ ሁለት ቤተሰብ ከመላክ አንድ ቤተሰብ በደንብ መላክ ይሻላል።

በኬንያ ያለ አገልጋይ አባት፣ በቴሌግራም የላከው

ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ልጆቻችን እንዲህ ተቀምጣችሁ መምከራችሁን ሳነብ ባለቤቴና እኔ ጌታን አመሰገንን። ልጆቻችን የሚማሩት በሰፈራችን ባለ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ለእኛ ከሁሉም የተሻለው ይኸው ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስለሚውሉ እኛም በእነሱ ምክንያት ብዙ ቤት ገብተናል። ያስቸገረን የአገሩ ሥርዓት መለዋወጥና የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ኬንያ 8 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ የነበረውን ለውጣ የ8ኛ ክፍሉን ብሔራዊ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2023 ለመጨረሻ ጊዜ ሰጥታለች፤ ትልቁ ልጃችን በአሮጌው፣ ታናሹ በአዲሱ ይማራሉ። የትምህርት ዘመኑም በጥር ተጀምሮ በኅዳር አካባቢ ስለሚያልቅ፣ ዓመቱን ጨርሶ የተመለሰ ልጅ ወይ እስከ መስከረም ቤት ይቀመጣል ወይ እኩሌታው ካለፈ በኋላ ክፍል ይገባል።

ቤት ውስጥ ማስተማርን የሚያነሡ አሉ። እናትየዋ ሌላ አገልግሎት የሌላት ከሆነ ይቻል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባለቤቶቻችንም የተላኩ አገልጋዮች መሆናቸው ይዘነጋል። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል፤ እንግሊዝ አገር የተፈቀደው ጀርመን አገር ክልክል ነው። ይህን አማራጭ ለሁሉም እንደ መመሪያ አታስቀምጡት ብዬ እለምናለሁ።

ስለ አማርኛ፣ መንዝ ያሉት የባለቤቴ እናት በየሳምንቱ በቴሌግራም ድምፅ ይልካሉ። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ ስልኩን ከብበው «የላም በረት» ይላሉ፣ ከዚያም የራሳቸውን መልስ ይልካሉ። እርሳቸው በሃይማኖት ከእኛ ጋር አይደሉም፤ ስለ ልጆቹ ግን ከእኛ አንሰው አያውቁም። ማኅበሩ አያቶችን በዚህ ሐሳብ ውስጥ ቢያስገባቸው፣ ለምሳሌ ለስልክና ለኢንተርኔት ካርድ ትንሽ ቢመድብላቸው፣ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጥ ይጠቅመናል። ፊደሉን ግን እኛ ነን ማስተማር ያለብን፤ የመምህርቷን ጽሑፍ ለባለቤቴ አንብቤላት ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወስነናል።

አረጋዊው አባል፣ ከአንኮበር

ልጄ መምህርት፣ ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ ሐሳቤን ትቻለሁ። አያቶች በዚህኛው መንገድ ከገቡ ይበቃኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተሰጠውን አስተያየት አካትቼ ለጉባኤው የሚቀርበውን ጽሑፍ እንደሚከተለው አሻሽያለሁ።

«ማኅበሩ ማንኛውንም ቤተሰብ ከመላኩ በፊት የልጆቹን የትምህርት ቦታ፣ የማስተማሪያ ቋንቋ፣ ወጪና የመመለሻ ክፍል የሚገልጽ ስምምነት ከወላጆቹ ጋር በጽሑፍ ይፈራረማል። ለመናገር የደረሰ ልጅ ሁሉ ሐሳቡ ይጠየቃል፤ የሰጠውም መልስ በስምምነቱ ውስጥ ይጻፋል። የመጀመሪያ ደረጃን ያልጨረሰ ልጅ ከወላጆቹ አይለይም። የትምህርት ወጪ በተለየ መዝገብ ይያዛል፣ በየስድስት ወሩም ይከለሳል። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት የተወሰነ የአማርኛ ንባብና ጽሕፈት ሰዓት ይኖረዋል፤ ከደብረ ብርሃንና ከደብረ ሲና ፈቃደኛ መምህራን በስልክ ይከታተላሉ፤ ለአያቶችም የመገናኛ ድጋፍ ይደረጋል። የቤተሰቡ የዕረፍት ጊዜና የመጨረሻ መመለሻ የልጆቹን የትምህርት ዘመን ተከትሎ ይወሰናል።»

ያልጨረስነው የማስረጃው ጉዳይ ነው። ልጆቹ ሲሄዱ መልቀቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ እንዲይዙ እናደርጋለን፤ ሲመለሱ ግን የውጭ ውጤታቸው አቻ ግመታ (ከአገራችን ክፍል ጋር ማመሳሰሉ) በየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚሠራና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያልወሰደ ልጅ 9ኛ እንዴት እንደሚገባ ከትምህርት መምሪያው በደብዳቤ መልስ ማግኘት አለብን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አትርሱ፤ እዚሁ ለተማረው እንዲህ የከበደ ፈተና ከውጭ መጥቶ ለሚቀመጠው ልጅ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዝግጅት ያስፈልገዋል። ደብዳቤውን እኔ አዘጋጃለሁ፤ መምህርቷ በመምሪያው ያለውን ይከታተሉልን፤ ገንዘብ ያዡ አሁን በመስክ ላይ ላሉት ቤተሰቦች ያለብንን የምንዛሪ ልዩነት አስልተው ከጉባኤው በፊት ያቅርቡ። የቀረ አስተያየት ያለው እስከ እሑድ ይጻፍልኝ።