ሰኞ ወረዳ እንገባለን፣ ደብዳቤው ግን ገና ነው፤ እርዱኝ

የጮቄ ሥር፦ ወገኖች ፈጥናችሁ መልሱልኝ። የጎጣችን የውኃ ፓምፕ ከቆመ 3 ሳምንቱ፤ ሴቶቹ ወንዝ ነው የሚወርዱት። ነገ ወረዳ ገብተን አቤት ልንል ተስማምተን ነበር። ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ግማሹ «ሰልፍ እንውጣ»፣ ግማሹ «ፖለቲካ ይሆንብናል» ተባብሎ ተበተነ። 62 ፊርማ በደብተር ወረቀት ይዣለሁ። ከምን ልጀምር?

የቡሬው፦ ጠላ ቤት ሰብስባቸው። ምልዓተ ጉባኤ ይሞላል፣ የሚበተንም የለም።

መምህር፦ ልጄ፣ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ ከሁሉ በላይ የያዘው ነገር ይህ ነበር፦ ርስቴ አይለካ። ይህን ደግሞ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ያውቀዋል። ጠቅላይ ገዥው ከሥልጣን ተነሣ፣ ለውዝፉ ግብርም ምሕረት ተደረገ። ደሙ ግን…

አዲስ አበባ ያለሁት፦ ፊርማ ሰብስቡ! ፊርማ ኃይል ነው።

የቡሬው፦ 62 አለኝ አለ እኮ ሰውየው።

ሞጣ 7፦ ቆይ፣ ፓምፑ ምን ሆኖ ቆመ? አፍሪዴቭ የሚሉት የእጅ ፓምፕ ከሆነ ቶሎ የሚበላው የፒስተኑ ጎማ ነው፤ በአንድ መፍቻ ይፈታል። ለጎማ ሰልፍ ይወጣል? የውኃ ኮሚቴው በየወሩ ያዋጣችሁትን ምን አደረገው?

የጮቄ ሥር፦ አፍሪዴቭ ነው፤ እጀታው ይወርዳል፣ ውኃ የለም። ሰብሳቢው ከተማ ገብቷል። የብሩን ነገር አታንሳብኝ።

ሞጣ 7፦ ይኸው! ወረዳው ምን በደለህ?

ጸሐፊ የነበርሁ፦ ብሩን ለጎጡ ስብሰባ ተውት። ሰልፉንም ለነገ እርሳው፤ የሰላማዊ ሰልፉ አዋጅ 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቅ ይላል፣ ዛሬ እሑድ ነው። ደብዳቤው ለወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ይሁን፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ጉዳዩ፦ ባለሙያና መለዋወጫ እንዲላክልን። መንገድና መብራት ከጨመርህበት «በዕቅድ ይታያል» ብለው ይሸኙሃል። ለመዝገብ ቤት ስጥ፤ በእጅህ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፍ እንዳትወጣ፣ አለዚያ በሳምንቱ «አልደረሰንም» ነው። ግልባጭ ለዞኑ መምሪያ። ሁለት ሴቶች አብረውህ ይግቡ፤ ውኃ የምትቀዳዋ ስትናገር ሌላ ነው።

የቡሬው፦ ባዶ ጀሪካንም ይያዙ። ቀልዴን አይደለም።

የጮቄ ሥር፦ ልጄ እየጻፈችልኝ ነው። ጋሼ፣ ግልባጭ ከላይ ነው ከታች?

ጸሐፊ የነበርሁ፦ ከታች። ፊርማውን አባሪ አድርገው፤ ዋናውን ግን አትስጥ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሣ።

ሞጣ 7፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። ምን አሉህ?